ቀኑ ቢመለስ

አጎቴ ገበሬ ነው። ላሞች አሉት፣ ስንዴና ድንች ይዘራል፣ ጠዋት ጠዋት ሲያልብ ያፏጫል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ "ፉጨት" የሚለው። እኛ ሜኖናይቶች ነን፣ ከዓለም ርቀው በአያቶቻቸው ደንብ የሚኖሩ ክርስቲያኖች። እኛ ዘንድ ስም ጥቂት ነው፤ በአንዱ ስም የመንደሩ ግማሽ ይጠራል፣ ስለዚህ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። ጸሎት ሳያልቅ ቀድመው አሜን የሚሉ ሽማግሌ አሉን፤ "አሜን" ነው የሚባሉት፣ ሚስታቸው እንኳ እንዲያ ነው የምትጠራቸው። አባቴ የአጎቴ ታላቅ ወንድም ነው። የጉባኤው መሪ ሽማግሌ ስለሆነ ቅጽል ስም የለውም። ካለውም እኔ ፊት አይጠራም።

የኛን ኑሮ ለማያውቅ ሰው ሁለት ነገር ካልነገርኩ ወሬው አይገባም።

አንዱ መሐላ ነው። አንምልም። ፍርድ ቤት ለምስክርነት ብንጠራ እንኳ እጃችንን አናነሳም። አባቴ "የሚምል ሰው፣ ሳይምል ያወራው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው" ይላል። አዎ ካልን አዎ ነው፣ አይ ካልን አይ ነው፣ አለቀ።

ሌላው ጎማ ነው። ትራክተር ይፈቀድልናል፣ ጎማ ግን አይፈቀድም። ትራክተሮቻችን የሚሄዱት ጥርስ ባወጣ የብረት ቸርኬ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያስረዱ "ጎማ ያለው ትራክተር ከተማ ይለምዳል፣ ከተማ የለመደ ትራክተር ደሞ ልጆቻችንን እዚያ አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለሰው" ይላሉ። በብረት ቸርኬ አስፋልት ላይ ብትወጣ አጥንትህ ይላላል፣ መንገዱም ይቦጫጨቃል፣ ትራፊኩም ይጮህብሃል። ስለዚህ ሰው አርፎ እቤቱ ይቀመጣል።

ያን ዓመት ዝናቡ አላባራ አለ። ስንዴው ታጭዶ ማሳው ላይ እንደተከመረ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ትራክተሩ ሊያነሳው ሲገባ የብረቱ ቸርኬ ይሰምጥና በሆዱ ይተኛል። ጎረቤት ፈረስ አምጥቶ ይጎትተዋል፣ በነጋታው ተመልሶ ይተኛል። አጎቴ ታገሰ፣ ታገሰ፣ በመጨረሻ ከመንደሩ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ወዳለው ጎሚስታ ሄደ። ጎሚስታው የኛ ሰው አይደለም። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣውን ሁሉ በአፉ የሚያወጣ፣ ቱታው ከቅባት የተነሳ ብቻውን የሚቆም ሰው ነው። አጎቴ ጋር ግን ድሮም ይዋደዳሉ።

"ፉጨት! ምን እግር ጣለህ? ለፈረሱ ጎማ ፈልገህ ነው?"

"ለትራክተሩ።"

"ውይ! ጋሼህ ሰምተዋል?"

"ስንዴው እስኪነሳ ድረስ ነው።"

"እኔ ምን አገባኝ። እኔ የምሸጠው ጎማ ነው፣ ኃጢአት አይደለም።"

ከጎተራው ጀርባ ትራክተሩን በክሪክ አንስተው፣ ብረቱን ፈተው ያገለገለ ጎማ ገጠሙለት። ስንዴው በሱ ተነሳ። አጎቴ ቅዳሜ እፈታዋለሁ ይላል፣ ቅዳሜ ይዘንባል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ይላል፣ ድንቹ ይደርሳል። በሥራ መሃል ትራክተሩን ጎተራ ውስጥ ያስገባና ገለባ ከምሮ ጎማውን ይሸፍነዋል። የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ ነው የምላት፣ አንድ ጊዜ አይታው "ይሄ ምንድን ነው?" አለችው። "ጎማ" አላት። ከዚያ ወዲያ ወደ ጎተራው ድርሽ አላለችም። እትዬ እንዲህ ናት፤ ከደንብ ፍንክች የማትል፣ የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ እናቷ እንዳስተማረቻት አድርጋ የምታስር። ልጅ አልወለዱም። ሁለቱ ብቻ ናቸው ያንን ትልቅ ቤት የሚኖሩበት።

ጎማው ሳይፈታ ነው እንግዲህ የመኖ መቁረጫው ማሽን የእትዬን እጅጌ የያዘው።

አጎቴ ከበረቱ ሮጦ ሞተሩን እስኪያጠፋ የማሽኑ ቺንጋ እጇን ይዞ ገብቶ ነበር። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። በፈረስ ጋሪ በዚያ ጭቃ ከተማ መድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ስልክ ደሞ ማናችንም ቤት የለም። አጎቴ የሱሪውን ማንጠልጠያ ከትከሻው አውልቆ ክንዷን ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ከዚያ ገለባውን በእግሩ በተነው፣ እሷን ከጎኑ በጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጦ በአንድ እጁ አቀፋትና አስፋልቱን ይዞ በረረ። ማንጠልጠያ የሌለው ሱሪ መሪ ላይ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። የከተማው ሰው ቆሞ እየሳቀ አየው፤ ደሙን ያየ ግን ሳቁን ዋጠው።

ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ሬሳ ነበር የምታመጣልኝ" አለው። ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ፣ እሷ ግን ተረፈች።

እንግዲህ ወሬ ክንፍ አለው። እትዬ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ግን አንድም ሰው አልተቆጣም፤ ይሄ ልብ ይባልልኝ። ሰው ሁሉ "ምን ያድርግ፣ ሚስቱ እየሞተችበት ጎማ ገጠመ" ነው የሚለው። ማንም ሰው ደም እየፈሰሰ ቸርኬ ሲፈታ እንደማይውል አላሰበም። ወይም ማሰብ አልፈለገም።

አባቴና አሜን ለወጉ ያህል ሊጠይቁት እቤቱ ሄዱ። እናቴ ድስት ሙሉ ሾርባ ለአጎቴ አስይዛኝ እኔም አብሬ ነበርኩ። አባቴ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ መልሱን ራሱ አፉ ውስጥ አስቀምጦለት ነው የጠየቀው።

"ያን ጎማ የገጠምከው በጭንቅህ ቀን ነው። ሚስትህን ልታድን። አይደል?"

አሜን "አሜን" አሉ።

አጎቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። "አይ፣ ጋሼ" አለ። "ከዚያ በፊት ነው። ለስንዴው ነው የገጠምኩት።"

"ደንግጠሃል። ቀኑ ተምታቶብህ ነው።"

"አልተምታታብኝም። ለድንቹም ሠርቼበታለሁ።"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው።

"ስማ አንተ ልጅ" አለው፣ ጎልማሳውን ሰውዬ። "እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነው። ሚስትህን ያደረስካት በዚያ ጎማ ነው ወይ?"

"ነው።"

"እንግዲያው እሱን ብቻ መልስና..."

"መጀመሪያ የጠየቅከኝ ግን መቼ እንደገጠምኩት ነው፣ ጋሼ።"

እናቴ ይሄን ስነግራት ግንባሯን መታች። ጎሚስታው ደሞ ሲሰማ አናቱን ይዞ ተቀመጠ አሉ። "ዝም አይነቅዝም! ዝም ብትል ምን ነበረበት? ማን ጠየቀህ ስለ ድንቹ?" ብሎ ጮኸበት። እሱ ምን ያውቃል። እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተገረፍነው በዚህ ነው። የምትፈልጋትን ብቻ መርጦ መንገር ውሸት ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ያሳደገን ደሞ ያው አባቴ ነው።

ደንብ የጣሰ ሰው ጉባኤው ፊት ተንበርክኮ የሚለው ቃል አለ። አጭር ነው። "በድያለሁ። ቀኑ ቢመለስ ይህን ሥራ አልሠራውም።" ይሄን ካለ መሪው በእጁ ያነሳዋል፣ ጉንጩን ይስመዋል፣ ነገሩ ይረሳል። እንደገና ቢያነሱበት ያነሳው ሰው ነው የሚቀጣው። የሰከረም ብሎታል፣ የሰረቀም ብሎታል። አጎቴም እላለሁ ብሎ እሁድ መጥቶ ተንበረከከ። እኛ ሴቶቹ በስተግራ ነን፣ እትዬ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ፊት ወንበር ላይ ናት።

"በድያለሁ" አለ አጎቴ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ቃሉን አቋረጠ።

አባቴ ጠበቀው። "ቀኑ ቢመለስ" አለ፣ የረሳው መስሎት።

"ቀኑ ቢመለስ" አለ አጎቴ። "ቀኑ ቢመለስ እኔ... ይሄንን እንዴት ልበለው? ጎማው ባይኖር ሞታ ነበር። ቀኑ ቢመለስ እገጥመዋለሁ፣ ጋሼ። እውነቱን ነው የምነግርህ። ለስንዴው ብዬ መግጠሜ ጥፋት ነው፣ እሱን በድያለሁ። ግን አልሠራውም ብዬ እዚህ ቤት ውስጥ አልዋሽም።"

አባቴ ቃሉን ሊለውጥለት ይችል ይሆን? እኔ እንጃ። ቃሉ የሱ አይደለም፣ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። እንደገና ጠየቀው። ሦስተኛም ጠየቀው። አጎቴ በጉልበቱ እንዳለ "አልችልም" አለ። ያን ቀን ተለየ።

የተለየ ሰው ማለት ይሄ ነው። ከማኅበርተኛ ጋር ባንድ ማዕድ አይበላም። አስቀምጠህ ልትሰጠው ትችላለህ፣ ልታግዘው ትችላለህ፣ ቤቱ ቢቃጠል ሄደህ ትሠራለታለህ። እሱ በእጁ የሚሰጥህን ግን አትቀበልም። ሚስቱም ብትሆን።

እትዬ ዕለቱን ትንሿን ጠረጴዛ ከጓዳ አወጣች። ከትልቁ ጫፍ ጋር ገጥማ አስቀመጠቻት፣ ግን መሃላቸው መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተወች። ከዚያ አንድ ሰፊ የጠረጴዛ ልብስ ለሁለቱም አለበሰችባቸው። የማያውቅ እንግዳ አንድ ጠረጴዛ ይመስለዋል። ጨርቁ ግን መሃል ላይ ረገብ ይላል፣ ማንኪያ ካስቀመጥክበት ይሰምጣል። ዳቦውን ቆርሳ በሱ በኩል ታስቀምጣለች፣ እጇን ስታነሳ እሱ ያነሳል። ወተት አልቦ ሲመጣ ባልዲውን ደጃፉ ላይ ያስቀምጥና ዞር ይላል፣ እሷ በደህናው እጇ ታነሳዋለች። ከማሳ አበባ ነቅሎ ቢመጣ ያስቀምጥና ይሄዳል፤ እሷም አስቀምጦት እንደሄደ ታውቃለች፣ ግን አበባ መሬት ላይ ከተቀመጠ ምኑ አበባ ነው? መኝታም ለይታለች፤ ይሄን እናቴ ለሴቶች ስታንሾካሹክ ነው የሰማሁት።

አንድ ቀን የኛ ማሳ ድንበር ላይ የአጎቴ ላም ምጥ ያዛት፣ ጥጃው በተቃራኒ መጣ። አባቴ አይቶ አጥሩን ዘሎ ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ገመድ አስረው ሲጎትቱ አየሁ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ፣ አንዱ ሲጎትት አንዱ ሲያርፍ፣ ልክ እንደ አንድ ሰው። ጥጃው ወጣ፣ ተነፈሰ። አጎቴ ሳቀ። ሳቀና ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ አንስቶ "እንካ ጋሼ፣ ጥረግ" ብሎ ዘረጋለት። አባቴ ፎጣውን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ሣሩ ላይ ጠረገና አጥሩን ዘሎ መጣ። አጎቴ በዘረጋው ፎጣ ጥጃውን ማድረቅ ጀመረ።

ጎሚስታው አይፋታውም ነበር። "ዋሽና ግባ!" ይለዋል። "እኔ በቀን ስንቴ ነው የምዋሸው? አንድ ቀን ጎማዬን አስተንፍሶብኛል?"

"አንተ የምትዋሸውን ሰው ያውቀዋል" ይለዋል አጎቴ። "እኔን ግን ያምኑኛል።"

እውነቱን ነው። መንደራችን ውስጥ አንድ ነገር ሲያጠራጥር "ፉጨት ምን አለ?" ነው የሚባለው። የተለየ እንኳ ሆኖ ድንበር የተጣሉ ሰዎች እሱን ነው ሄደው የሚጠይቁት። ፉጨት ዋሸ ከሚሉህ ላሚቱ እንቁላል ጣለች ቢሉህ ይቀላል።

እትዬ ደሞ ዋሽ አትለውም። እሷ የምትፈልገው ከልቡ እንዲጸጸት ነው። አንዴ እኔ እያለሁ፣ ያቺን ጨርቅ እያስተካከለች "ማን ለመነህ?" አለችው። "እኔን ለማዳን ብለህ ነፍስህን ጣልክ። ማን ለመነህ? እኔ ለምኜሃለሁ?"

"አለመንሽም።"

"እኔ ስሞት የት እንደምሄድ አውቃለሁ። አንተስ? እዚያም ጠረጴዛ ለይቼ ልጠብቅህ?"

አጎቴ ሾርባውን ጠጣ። ማፏጨት የተወው በዚያ ሰሞን ነው፣ ግን መቼ እንደሆነ ማንም በትክክል አያውቅም። ሰው ልብ ያለው ከቆየ በኋላ ነው።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የአጎቴ ግን እያደር ደፈረሰ። ከዚያ እትዬ ሆዷን ታመመች። ሐኪሙ እቤት ወስዳችሁ አስታምሟት አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ክንዷ ከሳ፣ ማንኪያ ማንሳት አቃታት። የመንደሩ ሴቶች በተራ እየመጣን እናጎርሳታለን። ሴት በሌለችበት ሰዓት አጎቴ አጠገቧ ይቀመጣል። ውሃውን በኩባያ ቀድቶ በርጩማው ላይ ያስቀምጣል። ማስቀመጥ ይፈቀዳል። እሷ ግን ማንሳት አትችልም።

ተራው የኔ በሆነበት ቀን ስገባ አልጋው ርሷል። ኩባያው ወለል ላይ ተንከባሏል፣ አጎቴ በጉልበቱ ሆኖ ወለሉን በጨርቅ ያብሳል። የእትዬ ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

"ምን ሆነ?" አልኩ።

"አፏ ላይ አስጠጋሁላት" አለ፣ ቀና ሳይል። "ጠምቷታል። አፏን ገጠመች።"

እትዬ ከአልጋው "ያውቃል እኮ" አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። "እያወቀ ነው።"

አጎቴ ጨርቁን ጨመቀና ወጣ።

እሁድ ጸሎት ቤት መጣ። ባርኔጣውን በር ላይ ሰቅሎ ማንንም ሳያይ መሃል ለመሃል አልፎ ተንበረከከ። አባቴ ወንበሩን ይዞ ተነሳ። መጠየቅ ግዴታው ነው፣ ጠየቀው። ሲጠይቀው ግን ዓይኑን ጨፍኗል።

"በድያለሁ" አለ አጎቴ። "ቀኑ ቢመለስ ይህን ሥራ አልሠራውም።"

አንዴም አልተደናቀፈም። አሜን ገና "አልሠ" ላይ እያለ "አሜን" አሉ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ እናቴም አለቀሰች። ስንት ዓመት ወይ ፍንክች ያለ ሰው እግዜር ልቡን ሰበረው ብለው ነው። ማንም አልተጠራጠረም። ፉጨት ብሏላ! አባቴ ብቻ ነው ዓይኑን ያልገለጠው። እጁን ዘርግቶ አነሳው፣ ጉንጩን ሳመው። አባቴ ያውቅ ነበር። ጋሼ ነዋ፣ አብረው ነው ያደጉት። አውቆ ተቀበለው።

ወሬው ከአጎቴ ቀድሞ እትዬ ጋ ደርሷል። እሱ ሲገባ እኔና እናቴ ትራስ እያስተካከልንላት ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ የሾርባውን ሳህን ከእናቴ እጅ ተቀበለ። ከእጅ ወደ እጅ።

እትዬ አየችው። "እውነትህን ነው?"

"አዎ።"

"በል እስቲ ለኔ ንገረኝ። ቀኑ ቢመለስ፣ ያ ጎማ ቢኖርህ፣ ትተወኛለህ?"

አጎቴ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ያዞራል። እኔ በልቤ "በላት፣ በላት፣ አልተውሽም በላት" እላለሁ። ቢላት ግን ጸሎት ቤት ዋሽቷል ማለት ነው፤ ዋሽቷል ማለት አሁንም የተለየ ነው፤ የተለየ ከሆነ ደሞ ይሄን ማንኪያ አትቀበለውም። እሱም ይሄን ሁሉ አስቦ ነው የመጣው።

"አዎ" አላት። "እተውሻለሁ።"

"ተመስገን" አለች እትዬ። ዓይኗ ሞላ። በደስታ ይሁን በሌላ እኔ መናገር አልችልም። ከዚያ አፏን ከፈተች። አጎቴ አጎረሳት፣ ከአገጯ ላይ የወረደውን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ሁለተኛ አጎረሳት። ሦስተኛው ላይ "በቃኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ነው የኖረችው። የሰጣትን ሁሉ ተቀበለች፤ ውሃውንም፣ መድኃኒቱንም። ትንሿን ጠረጴዛ እናቴ ወደ ጓዳ መለሰቻት። ግን እትዬ ወደሱ ዞራ አላየችውም። እሱ ሲያነጋግራት "እሺ" ብቻ ነው የምትለው፣ እንግዳን እንደሚሉት። አንድ ከሰዓት እናቴን ጠርታ "እኔስ ጥፋቱን የሠራው ስለሚወደኝ መስሎኝ ነበር" አለቻት። አጎቴ በር ላይ እንጨት ታቅፎ ቆሟል፣ ሰምቷል። እንጨቱን ምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ተመልሶ ወጣ።

ቀብሯ ላይ አባቴ ሰበከ። ሰዉ ስለ አጎቴ ጸጸት እንዲናገር ይጠብቅ ነበር፣ አሜን እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተዘጋጅተው ነበር። አባቴ ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን አጎቴ እሁድ እሁድ እኛ ቤት ነው የሚበላው። ልጆች ሲያጠፉ "እንደ ፉጨት ልባችሁን ስበሩ" ይባላሉ። ድንበር የተጣሉ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁት ግን "እኔን አትጠይቁኝ" ብሎ ይመልሳቸዋል፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። አንዴ እሱ ከሄደ በኋላ አባቴን "አባ፣ አጎቴ ያን ቀን..." ብዬ ጀመርኩ። "አንቺ" አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "ሆድ ይፍጀው።" ከዚያ ተነስቶ ወደ በረት ሄደ።

አባቴ ዳቦውን ይቆርስና በእጁ ይሰጠዋል። አጎቴ በእጁ ይቀበላል፣ አመስግኖ ይበላል። ቀና ብለው አይተያዩም።